ብረትና ወርቅ ከወዴት መጡ? የሚፈነዱ ከዋክብት ታሪክ

ቀጥቃጭ ማረሻ ሲቀጠቅጥ፣ አንጥረኛ ወርቅ ሲያነጥር፣ እናትም በወጡ ላይ ጨው ስትጨምር፣ በእጃቸው ያለው ነገር በመጀመሪያ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ቢጠየቅም መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ብረቱ ከመሬት ተቆፍሮ ወጣ፣ ወርቁ ከወንዝ አሸዋ ታጠበ፣ ጨውም ከአፋር በረሓ ተጭኖ መጣ ይባላል። ነገር ግን መሬቱ ራሱ ብረቱን ከወዴት አገኘው? ምድር ገና ሳትኖርስ ይህ ሁሉ ነገር ወዴት ነበረ? ይህ የሕፃን ጥያቄ ቢመስልም የዓለም ሊቃውንት እርግጠኛውን መልስ ያገኙት ከብዙ ዘመን ድካም በኋላ ነው።

መልሱም የሚከተለው ነው። እጅግ ቀላል ከሆኑት ከሃይድሮጅን፣ ከሂሊየምና ከሌሎች ጥቂቶች በቀር፣ በዙሪያችን የምናያቸው ንጥረ ነገሮች የተሠሩት በከዋክብት እቶን ውስጥ ነው፤ ወደ ጠፈር የተበተኑትም ከዋክብት ሲሞቱ፣ ይልቁንም ሲፈነዱ ነው። «ንጥረ ነገር» የሚለው ቃላችን ራሱ የአንጥረኛን ሥራ ያስታውሰናል፤ ተነጥሮ ተነጥሮ ከዚያ ወዲያ ወደ ሌላ ነገር ሊለይ የማይችል ማለት ነውና። በዚህ ጽሑፍ ይህ ዕውቀት እንዴት እንደ ተገኘ በቅደም ተከተል ለመግለጽ እሞክራለሁ። አንባቢም በታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ፤ በየዘመኑ የተነሣውን ክርክር የቈረጠው የሰው ማዕርግ ሳይሆን ትክክለኛ ልኬት ነበረ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ከጨረቃ በታች ያለው ዓለም እንደሚወለድና እንደሚጠፋ፣ ከጨረቃ በላይ ያለው ሰማይ ግን ከቶ እንደማይለወጥ አስተምሮ ነበር። ይህም ትምህርት በብዙ አገሮች እጅግ ረጅም ዘመን ጸንቶ ኖረ። ይሁን እንጂ ሰማዩ ራሱ አንዳንድ ጊዜ ትምህርቱን ይቃወም ነበር። በ1006 በሰው ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ የበለጠ ብርሃን ያለው አንድ እንግዳ ኮከብ ታየ፤ በግብፅ ይኖር የነበረው ሐኪም ዓሊ ኢብን ሪድዋንም ትምህርቱን በጀመረበት ጊዜ ያየውን ይህን ኮከብ በኋላ በጽሑፍ ለትውልድ አቆየው። ደግሞ በ1054 በሐምሌ መጀመሪያ የቻይና ቤተ መንግሥት ኮከብ ቈጣሪዎች ሠውር በሚባለው የከዋክብት ክፍል አጠገብ «እንግዳ ኮከብ» አዩ። ኮከቡ 23 ቀን ሙሉ ፀሐይ እያለች በቀን ታየ፤ በሌሊትም ሁለት ዓመት ለሚያህል ጊዜ ከታየ በኋላ ጠፋ። ዛሬ በዚያው ስፍራ በቴሌስኮፕ የሚመለከት ሰው የሸርጣን ኔቡላ የሚባለውን የተበጣጠሰ ደመና ያያል። ይህም ደመና እስከ አሁን ድረስ በሴኮንድ 1500 ኪሎሜትር ያህል እየሮጠ ይሰፋል። የቻይና ጸሐፊዎች ስለ ኮከቡ ምንነት አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን ቀኑንና ስፍራውን በጥንቃቄ ስለ ጻፉ ከ900 ዓመት በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ደመናው የዚያ ኮከብ ፍርስራሽ መሆኑን ለማረጋገጥ ቻሉ።

ኖቬምበር 11 ቀን 1572 ደግሞ የዴንማርክ ባላባት የሆነው ቲኮ ብራሄ፣ የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ካሲዮፔያ በሚባለው የከዋክብት ክፍል ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ኮከብ አየ። በዚያ ዘመን ቴሌስኮፕ ገና አልተሠራም። የአሪስጣጣሊስ ተከታዮች ይህ ነገር በአየር ውስጥ የተነሣ እሳት እንጂ ኮከብ አይደለም ሊሉ ይችሉ ነበር። ቲኮ ግን ለካው። እጃችንን ዘርግተን አውራ ጣታችንን በአንድ ዓይን፣ ቀጥሎም በሌላው ዓይን ብንመለከት ጣታችን ከግድግዳው አንጻር ስፍራውን የለወጠ ይመስለናል፤ የምናየው ነገር በራቀ መጠን ግን ይህ ለውጥ እያነሰ ይሄዳል። ጨረቃም ከተለያየ ቦታ ስትታይ በዚህ ዓይነት ስፍራዋን የለወጠች ትመስላለች። አዲሱ ኮከብ ግን በሌሊቱ መጀመሪያም ሆነ በሌሊቱ መጨረሻ ቢለካ ከቶ አልተነቃነቀም። ስለዚህ ከጨረቃ እጅግ የራቀ ነው፤ ከጨረቃ በላይ ያለው ሰማይም ይለወጣል ማለት ነው። ቲኮ ይህን በ1573 በመጽሐፍ አሳተመ። በ1604 ሌላ እንደዚህ ያለ ኮከብ ታየ፤ እርሱንም ዮሐንስ ኬፕለር መረመረው። ከዚያ ወዲህ በእኛው የከዋክብት ማኅበር ውስጥ ሲፈነዳ በዓይን በግልጥ የታየ ኮከብ የለም። «አዲስ» የተባሉት እነዚህ ከዋክብት ግን አዲሶች አልነበሩም፤ በመሞት ላይ ያሉ ከዋክብት ነበሩ። ይህንም ለማወቅ ብዙ ዓመት ወሰደ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዋክብት ከምን ተሠሩ የሚለው ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮንት በ1835 የከዋክብትን ኬሚካዊ ጠባይ ሰው ከቶ ሊያውቅ አይችልም ብሎ ጻፈ። በእርግጥ ወደ ኮከብ ሄዶ ቁራሽ ቈርሶ የሚያመጣ ሰው አይገኝም። ነገር ግን በጀርመን አገር መስታወት ሠሪው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በ1814 የፀሐይን ብርሃን በመስታወት ከፍሎ ሲመለከት በቀለማቱ መካከል ብዙ ጥቋቁር መስመሮች እንዳሉ አይቶ ነበር። በ1859 ኪርኾፍና ቡንሰን በሃይደልበርግ ከተማ የእነዚህን መስመሮች ትርጉም ገለጹ። ጨው በእሳት ላይ ሲነሰነስ ነበልባሉ ብጫ ይሆናል፤ ይህም ብጫ በጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም ምልክት ነው። እንደዚሁ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመሮች አሉት፤ እነዚህም መስመሮች እንደ ሰው የጣት አሻራ ናቸው። እንግዲህ ብርሃኑ ወደ እኛ እስከ ደረሰ ድረስ ኮከቡ ከምን እንደ ተሠራ ማንበብ ይቻላል። ሂሊየም የሚባለው ንጥረ ነገር በዚህ መንገድ በ1868 በመጀመሪያ በፀሐይ ላይ ታወቀ፤ በምድር ላይ የተገኘው ግን በ1895 ነው።

ይሁን እንጂ መስመሮቹን ማየት አንድ ነገር ሲሆን መጠኑን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የብረት መስመሮች ብዙ ስለሆኑ ሊቃውንት ፀሐይ እንደ ምድር ያለ ጠባይ አላት ብለው ያምኑ ነበር። በ1925 ሴሲሊያ ፔይን የምትባል የ25 ዓመት እንግሊዛዊት በአሜሪካ በሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ለዶክተርነት ማዕርግ ጽሑፍ አቀረበች። በትውልድ አገርዋ በካምብሪጅ ተምራ ነበር፤ ነገር ግን ያ ዩኒቨርሲቲ በዚያን ጊዜ ለሴቶች ዲግሪ አይሰጥም ነበር። ሴሲሊያ ፔይን ሕንዳዊው ሜግናድ ሳሃ በ1920 ባወጣው ሒሳብ እየተመራች መስመሮቹን ብትመረምር፣ ከዋክብት ከሁሉ ይልቅ የተሠሩት ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም መሆኑን አገኘች። ጽሑፉን የመረመረው የታወቀው ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ይህ ሊሆን አይችልም አለ። እርስዋም ስለዚህ ምክር ውጤቱ እውነተኛ ላይሆን እንደሚችል በጽሑፍዋ ውስጥ ለመግለጽ ተገደደች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1929፣ ራስል ራሱ በሌላ መንገድ ሲመረምር ከዚያው ውጤት ደረሰ፤ ቀድማ ያገኘችው እርስዋ መሆንዋንም አመለከተ። ዛሬ ከፀሐይ ክብደት ከመቶው 98 እጅ የሚሆነው ሃይድሮጅንና ሂሊየም መሆኑ የታወቀ ነው። በሃርቫርድ የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕርግ የተሰጣት ግን በ1956 ነው።

እንግዲህ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን ከሆኑ ብረቱ ከወዴት መጣ? በ1920 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ አስተን አራት የሃይድሮጅን አቶሞች አንድ ላይ ሲመዘኑ ከአንድ የሂሊየም አቶም ጥቂት እንደሚበልጡ በመለካት አሳየ። ልዩነቱ ከሺህ ሰባት እጅ ያህል ነው። አርተር ኤዲንግተን በዚያው ዓመት ይህን ልኬት ይዞ ከዋክብት የሚበሩት ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም በመለወጥ ሊሆን ይችላል፤ የጐደለው ክብደት ብርሃንና ሙቀት ይሆናል አለ። በ1939 ሐንስ ቤቴ ይህ ነገር በምን ዓይነት ደረጃዎች እንደሚፈጸም በሒሳብ ገለጸ። ስለዚህ ኮከብ እቶን ብቻ ሳይሆን ቀላሉን ንጥረ ነገር ወደ ከባድ የሚለውጥ አንጥረኛም ነው።

ነገር ግን ከሂሊየም ወዲያ ያለው መንገድ የተዘጋ መሰለ። የሂሊየም እምብርት ከሌላ ሂሊየም ጋር ቢጋጭ የሚፈጠረው ነገር ወዲያው ይፈርሳል። ካርቦን እንዲፈጠር ሦስት ሂሊየሞች በአንድነት መገናኘት አለባቸው፤ ይህ ደግሞ እጅግ ብርቅ ነው። በ1953 እንግሊዛዊው ፍሬድ ሆይል ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ለላቦራቶሪ ሊቃውንት አንድ ያልተጠበቀ ነገር ነገራቸው። እኛ ራሳችን ከካርቦን የተሠራን ሕያዋን በመሆናችን ካርቦን በብዛት መፈጠሩ እርግጥ ነው፤ ስለዚህ የካርቦን እምብርት ሦስቱን ሂሊየሞች ለመቀበል የሚያመች አንድ የታወቀ የኃይል ደረጃ ሊኖረው ይገባል አለ፤ የደረጃውንም ቍጥር ሰጣቸው። ዊልያም ፋውለርና ጓደኞቹ በመጀመሪያ ተጠራጠሩ። ሆኖም ዋርድ ዌሊንግ ከረዳቶቹ ጋር መሣሪያውን አዘጋጅቶ ቢለካ ደረጃው ሆይል በተናገረው ስፍራ ተገኘ።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1952፣ አሜሪካዊው ፖል ሜሪል በአንዳንድ ቀያይ ከዋክብት ብርሃን ውስጥ ቴክኔቲየም የሚባለውን ንጥረ ነገር አግኝቶ ነበር። ቴክኔቲየም ሳይፈርስ ብዙ ዘመን የማይኖር ንጥረ ነገር ነው፤ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ግማሹ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። እነዚያ ከዋክብት ግን ዕድሜያቸው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ በውስጣቸው ቴክኔቲየም ከተገኘ በቅርብ ጊዜ በዚያው በኮከቡ ውስጥ ተሠርቷል ማለት ነው። እቶኑ ሥራ ላይ ሳለ እንደ መያዝ ያለ ማስረጃ ነበር። በ1957 ማርጋሬት በርቢጅ፣ ባልዋ ጄፍሪ በርቢጅ፣ ፋውለርና ሆይል ከመቶ ገጽ የሚበልጥ ታላቅ ጽሑፍ አሳተሙ፤ በውስጡም እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በምን ዓይነት ኮከብና በምን መንገድ እንደሚፈጠር ዘረዘሩ። በካናዳ የነበረው አላስተር ካሜሮንም በዚያው ዓመት ብቻውን ወደ ተመሳሳይ አሳብ ደረሰ።

አሁን ወደ ፍንዳታው እንምጣ። ከፀሐይ 25 ጊዜ የሚከብድ አንድ ኮከብ እንውሰድ። ይህ ኮከብ ሃይድሮጅኑን ሰባት ሚሊዮን ዓመት ያህል ያነዳል። ቀጥሎ ሂሊየሙን ወደ ካርቦንና ወደ ኦክሲጅን ሲለውጥ ከግማሽ ሚሊዮን ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል። ካርቦኑ ግን ለጥቂት መቶ ዓመታት ብቻ ይበቃል። ኒዮኑ አንድ ዓመት ያህል፣ ኦክሲጅኑ ጥቂት ወራት፣ ሲሊኮኑም አንድ ቀን ያህል ነድደው ያልቃሉ። በዚያን ጊዜ የኮከቡ ውስጥ እንደ ሽንኩርት ንብብር በንብብር ሆኖ በመካከሉ የብረት እምብርት ይገኛል። ብረት ለኮከብ እንደ አመድ ነው፤ አመድን ደግሞ ማንደድ እንደማይቻል፣ ብረትንም በማዋሐድ ኮከቡ ሙቀት ሊያገኝ አይችልም።

እሳቱ ሲያቋርጥ የሚሆነውን ነገር ለማወቅ መንገድ የጠረገው ሌላ ወጣት ነው። ሕንዳዊው ሱብራማንያን ቻንድራሴካር በ1930 በ19 ዓመቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲጓዝ፣ እሳቱ የጠፋ የኮከብ እምብርት ከፀሐይ 1.4 ጊዜ በላይ ከከበደ ራሱን ሊሸከም እንደማይችል የሚያሳየውን ሒሳብ ጀመረ። በ1935 ያው ታላቁ ኤዲንግተን በሊቃውንት ጉባኤ ፊት በዚህ አሳብ ተሣለቀበት። ሒሳቡ ግን እውነት ነበረ፤ ቻንድራሴካር በ1983 ከፋውለር ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የብረቱ እምብርት ከዚህ ልክ ባለፈ ጊዜ፣ ምድራችንን የሚያህለው ነገር ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ መካከሉ ወድቆ የአንድ ከተማ ስፋት ብቻ ያለው የኒውትሮን ኮከብ ይሆናል። ባዴና ዝዊኪ በ1934 ይህን የመሰለ አሳብ አቅርበው ነበር። በዚያ ውድቀት የሚወጣው ኃይል ይበዛ ዘንድ ኒውትሪኖ በሚባሉ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶች ይሄዳል፤ ጥቂቱ ብቻ የኮከቡን ውጫዊ ንብብሮች ሰብሮ ወደ ጠፈር ይበትናቸዋል። ይህ ፍንዳታ ሱፐርኖቫ ይባላል።

ሌላም ዓይነት ሱፐርኖቫ አለ። እንደ ፀሐይ ካለ ኮከብ የቀረው ትንሽ ነጭ እምብርት ከጐረቤቱ ኮከብ የተነሣ ካርቦኑ በድንገት ቢነድድ ሙሉ በሙሉ ይፈነዳል። በዙሪያችን ካለው ብረት ብዙው የተሠራው በዚህ ዓይነቱ ነው። ቲኮ በ1572 ያየው ኮከብም የዚህ ወገን መሆኑ በ2008 ታወቀ፤ የዚያ ፍንዳታ ብርሃን በሩቅ የአቧራ ደመና ላይ ተንጸባርቆ ከ400 ዓመት በላይ ዘግይቶ እንደ ገደል ማሚቶ ወደ ምድር ደርሶ ነበርና።

ይህ ሁሉ በሒሳብ ተነግሮ ሳለ በዓይን የሚታይ ማስረጃ በፌብሩዋሪ 1987 መጣ። 160,000 የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው በትልቁ የማጀላን ደመና ውስጥ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ በቺሌ አገር ታየ። ብርሃኑ ከመታየቱ ጥቂት ሰዓቶች ቀደም ብሎ በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ከመሬት በታች የተሠሩ መሣሪያዎች በአንድነት 25 ያህል ኒውትሪኖዎች ያዙ። ቍጥሩ ትንሽ ቢመስልም የኮከቡ እምብርት በእርግጥ እንደ ወደቀ መሰከረ። ከዚያም ብርሃኑ ቀስ በቀስ እየደከመ የሄደበት ልክ ኮባልት ወደ ብረት ከሚለወጥበት ልክ ጋር ተስማማ፤ የዚህ ኮባልት ግማሹ በ77 ቀን ይለወጣል። ከብርሃኑም የተሠራው ብረት ብቻውን ከምድራችን ክብደት 20,000 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ ተሰላ። የሰው ልጅ ብረት ሲፈጠር በቀን እየቈጠረ አየ ማለት ነው።

ወርቅና ፕላቲነም ግን ሌላም መንገድ አላቸው። እነርሱን ለመሥራት እጅግ ብዙ ኒውትሮኖች በአንድ ጊዜ ያስፈልጋሉ። ኦገስት 17 ቀን 2017 በአሜሪካና በኢጣልያ ያሉ መሣሪያዎች 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀው ሁለት የኒውትሮን ከዋክብት ሲጋጩ የተነሣውን የጠፈር መንቀጥቀጥ መዘገቡ። ቴሌስኮፖችም ወደዚያ ቢዞሩ ከባድ ንጥረ ነገሮች በብዛት ሲፈጠሩ የሚሰጡትን ብርሃን አዩ፤ ስትሮንሺየም የሚባለውም ንጥረ ነገር በስሙ ተለይቶ ታወቀ። እነዚህም የኒውትሮን ከዋክብት ራሳቸው የቀደሙ ፍንዳታዎች ቅሪት ናቸው። በሙሽራ ጣት ላይ ያለው የወርቅ ቀለበት እንግዲህ ከሠርጉ እጅግ የቀደመ ታሪክ አለው።

የተበተነውም ነገር በከንቱ አይቀርም። ካሲዮፔያ ሀ የሚባለው የኮከብ ፍርስራሽ ምድራችንን አንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚያህል ኦክሲጅን ወደ ጠፈር ጥሏል። እንዲህ ያለው ዱቄትና ትነት ከሌላ ደመና ጋር ተቀላቅሎ እንደ ገና ይሰበሰባል፤ ከእርሱም አዳዲስ ከዋክብትና ምድሮች ይሠራሉ። ፀሐያችንና ምድራችን ከዛሬ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተገኙት ከዚህ ዓይነት ደመና ነው። ሥራውም ዛሬ አላቆመም። በ1999 የጀርመን ሊቃውንት ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ወለል በወጣ ድንጋይ ውስጥ፣ በምድር ላይ በተፈጥሮ ሊቈይ የማይችል የብረት ዓይነት አገኙ። ይህም ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በፊት በአቅራቢያችን ከፈነዳ ኮከብ የወረደ ነው።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለው ትምህርት እምነትን ያናጋል ብለው ይፈራሉ። እኔ ግን ፍርሃቱ የሚገባ አይመስለኝም። ሰው ከአፈር እንደ ተፈጠረ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ አፈሩስ እንዴት ተዘጋጀ ብሎ መጠየቅ የፈጣሪን ሥራ መመርመር እንጂ መካድ አይደለም። ዓለም መጀመሪያ አለው የሚለውን አሳብ በ1931 በሳይንስ መንገድ ያቀረበው ዦርዥ ለሜትር የቤልጂግ ካህን ነበረ። ይህን አሳብ አጥብቆ የተቃወመው ያው ፍሬድ ሆይል ነው። በካርቦን ነገር ልኬት ለሆይል ፈረደ፤ በዓለም መጀመሪያ ነገር ግን በ1965 የተገኘው የጠፈር ጨረር በሆይል ላይ ፈረደ። ልኬት ለሰው ፊት አያደላም።

ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎችም ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይዘን ብንወጣ መልካም ነው። የመጀመሪያው ትዕግሥት ነው፤ የ1054ቱ ጸሐፊዎች የድካማቸውን ፍሬ አላዩም፤ ሌሎች ግን በጽሑፋቸው ተጠቀሙ። ሁለተኛው ድፍረት ነው፤ ቲኮ፣ ሴሲሊያ ፔይንና ቻንድራሴካር ዕድሜያቸው ከእኛ ብዙ ያልራቀ ወጣቶች ሲሆኑ በአስተማሪዎቻቸው ዘንድ ያልታወቀ እውነት አገኙ። ታላላቆቻችንን ማክበር ግዴታችን ነው፤ በጥንቃቄ የለካነውን ነገር ግን የሚበልጥ ልኬት እስኪመጣ ድረስ በትሕትና አጽንተን መያዝ ይገባናል። በእያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ አራት ግራም ያህል ብረት አለ፤ ደማችንን ቀይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ያም ብረት ወደ እኛ የደረሰው ከዋክብት የነበራቸውን ሳያስቀሩ ስለ ሰጡ ነው። የተማረ ሰውም ዕውቀቱን ለራሱ ብቻ ሸሽጎ ቢይዝ ምን ይጠቅማል? ለወገኑ ቢበትነው ግን ሌላ ትውልድ ይሠራበታል።